ላዳ የማን ልጅ ናት?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ላዳ የማን ልጅ ናት? «የራሺያ ነቻ!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም። ከሶቭየት ኅብረት ጋር እጅና ጓንት በነበርንበት በደርግ ዘመን መጣች፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀባች፤ ምጥ የያዛትን ወደ ሐኪም ቤት፣ ሙሽራውን ወደ ሚዜው ቤት፣ የመርካቶውን ሸማች ከነማዳበሪያው ወደ ሰፈሩ ስታመላልስ ኖረች። ሌላ አገር አላት ብሎ ማን ይጠረጥራል? ግን የትውልድ ሐረጓን ለሚቆጥር ሰው እናቷ ሞስኮ አይደለችም። እናቷ ጣሊያን አገር፣ ቱሪን ከተማ ናት። የእናትየዋም ስም ፊያት 124 ይባላል።

ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። በከተማችን የጣሊያን አሮጌ መኪና ፍቅር የያዛቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ስልካቸውን ከፍተው ቀይ ፌራሪ ያሳዩአችኋል። ቀጥሎ ጣሪያ የሌላት አልፋ ሮሜዮ፣ ቀጥሎ ላንቻ። «አይ ጣሊያን! ይሄንን የሠራ እጅ ይባረክ» ይሏችኋል። እሰየው፣ እኔም አሜን እላለሁ። ታዲያ በዚያው ቅጽበት አንዲት ላዳ ጭሷን እያንቦለቦለች በአጠገባቸው ብታልፍ ምን የሚሉ ይመስላችኋል? አፍንጫቸውን ይይዙና «ይሄ ቆርቆሮ መቼ ነው ከከተማው የሚጠረገው?» ይላሉ።

የእኔ ጠብ ከዚህ ፍቅር ጋር ነው። ስፖርት መኪናዋን እያመለከ ባለ አራት በሯን የቤት መኪና የሚንቅ ሰው የጣሊያንን መኪና ወድጃለሁ ሊል አይችልም። ልጅቷን እያሞገሰ እናቷን ከበር የሚመልስ ሰው ማለት ነው። የወደደው ዋጋዋን ነው እንጂ መኪናዋን አይደለም። ይህ ደግሞ የአዲስ አበባ በሽታ ብቻ አይደለም፤ ከቱሪን እስከ ካሊፎርኒያ ያሉ ባለ ገንዘቦችን ሁሉ የያዘ በሽታ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። (ዓመቱን «በኛ» ካላልኩ በስተቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በ1966 ፊያት 124ን ለገበያ አወጣ። መልኳን የምታውቁት ነው፤ ሳጥን ናት። ሕፃን ልጅ «መኪና ሳል» ቢባል የሚስለው እሷን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ነገር ግን ሌላ ነበር። ብዙዎቹ የዘመኑ የቤተሰብ መኪኖች በከበሮ ፍሬን ሲቆሙ እሷ በአራቱም ጎማዋ የዲስክ ፍሬን ነበራት። ሞተሯ 1,197 ሲሲ፣ ጉልበቷ 60 የፈረስ ጉልበት ነው። ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች ስለሆነ ያቺው ትንሽ ሞተር አምስት ሰው ይዛ ያለ ጭንቅ ትጓዝ ነበር። የአውሮፓ የመኪና ጋዜጠኞችም የ1967 የዓመቱ መኪና ብለው ሸለሟት። ልብ በሉ፤ የተሸለመችው ለውበቷ አይደለም፤ ለተራ ሰው በተራ ዋጋ የተሠራች በሳል መኪና ስለሆነች ነው።

በዚያው በ1966 ፊያት ከሶቭየት መንግሥት ጋር ተዋዋለ። ቮልጋ ወንዝ ዳር ግዙፍ ፋብሪካ ተሠራ። የከተማዋ ስም ቶልያቲ ይባላል፤ በ1964 የሞተው የጣሊያን ኮሙኒስት ፓርቲ መሪ የፓልሚሮ ቶልያቲ መታሰቢያ ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በ1970 ከፋብሪካው ወጡ። እነሱም ላዳ ብለን የምናውቃት መኪና ታላላቆች ናቸው።

ሶቭየቶቹ መኪናዋን እንዳለች አልተቀበሏትም። የራሳቸው መንገድ ላይ አንገላተው ፈተኗት። የኋላው ዲስክ ፍሬን በጭቃ ሲበላባቸው በከበሮ ለወጡት። ላሜራዋን አወፈሩት። ከመሬት ከፍ አደረጓት። ሞተሯንም ቀይረው ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ ከላይ አመጡት። ባትሪ በብርድ ሲሞት ደግሞ በእጅ አዙሮ ማስነሻ ብረት ሰጧት። እንግዲህ ለቮልጋ ጭቃ የተዘጋጀ መኪና ለኮልፌ ዳገትና ለክረምቱ ጎርፍ ቢስማማ ምን ይገርማል? የቱሪን ጥበብ በቮልጋ ክብደት ጨምሮ ነው ወደኛ የደረሰው።

አሁን ወደ እህትየዋ እንሂድ። ያው 1966 ነው፤ ከተማውም ያው ቱሪን ነው። በመኪና ኤግዚቢሽኑ ላይ ፊያት ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና አቀረበ። ስሟ 124 ስፖርት ስፓይደር ነው። መልኳን የነደፈው በፒኒንፋሪና ቤት ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ቶም ቻርዳ ነው። ወለሏ የዚያችው የሳጥኗ የ124 ወለል ነው፤ አሳጥረውት ነው እንጂ። ሞተሯም ከቤት መኪናዋ ሞተር የተነሳ ሲሆን አናቱን ያዘጋጀው አውሬልዮ ላምፕሬዲ ነበር። ላምፕሬዲ ማን ነው? በ1952 እና በ1953 አልቤርቶ አስካሪ የዓለም ሻምፒዮን የሆነባትን የፌራሪ ሞተር የሠራ መሐንዲስ ነው። ከፌራሪ ወጥቶ ፊያት ሲገባ ያንን እጁን ይዞ ገባ። በ1972 ራፋኤሌ ፒንቶ የአውሮፓን የራሊ ሻምፒዮና ያሸነፈው በዚችው ስፓይደር ነው። እስከ 1985 ድረስ ተመርታለች፤ አብዛኞቹም የተሸጡት አሜሪካ ነው።

ስለዚህ ላዳና ስፓይደር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንደኛዋ ዛሬ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በለስላሳ ጨርቅ ትወለወላለች፣ ማታ ልብስ ይደረብላታል፣ እሁድ እሁድ ብቻ ፀሐይ ትሞቃለች። ሌላዋ አዲስ አበባ ውስጥ በሯ ከውጭ ብቻ ይከፈታል። የመስታወት ማውረጃዋ እጀታ ለአራቱም በር አንድ ብቻ ስለሆነ «እስቲ አቀብለኝ» ብላችሁ ከሹፌሩ ተቀብላችሁ አዙራችሁ ትመልሳላችሁ። ወንበሯ ላይ የተነጠፈው የበግ ለምድ ከመኪናዋ እኩል ያረጀ ነው። ይሁንና ትሄዳለች! ታዲያ ከሁለቱ የትኛዋ ናት የጣሊያንን መሐንዲስ ያኮራችው?

«ይሄ አንድ አጋጣሚ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም፣ ደንቡ ነው። የአልፋ ሮሜዮን ጁልያ ውሰዱ። በ1962 የወጣች ባለ አራት በር የቤት መኪና ናት። ስታዩዋት ሳጥን ትመስላለች፤ በነፋስ ስትፈተን ግን በዘመኑ ከነበሩት ብዙ ስፖርት መኪኖች ይልቅ አየሩን በቀላሉ የምትሰነጥቅ ሆና ተገኘች። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ማርሿ አምስት ነው። የጣሊያን ፖሊሶች ሌባ የሚያሳድዱት በሷ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጆርጄቶ ጁጃሮ የሚባል የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት በቤርቶኔ ቤት ሆኖ የጁልያን ወለል አሳጥሮ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ነደፈላት። ዛሬ ሰው የሚያብድላት እሷ ናት። ጁጃሮ ግን ቆይቶ የፊያት ፓንዳንም ነድፏል፤ ገበሬው ዶሮና ድንች የሚጭንባትን ማለቴ ነው። ሰውየው ራሱ ያልናቀውን እኛ የምንንቀው ምን ቆርጦን ነው?

ወደ ኋላ ብንሄድም ያው ነው። ላንቻ በ1950 አውሬልያን ሲያወጣ መጀመሪያ የወጣችው የቤት መኪናዋ ናት። በዓለም ላይ ባለ ስድስት ሲሊንደር የቪ ሞተር ተገጥሞላት በፋብሪካ በብዛት የተመረተች የመጀመሪያዋ መኪና እሷ ናት። ሁሉም የሚሰግድላት ስፖርቷ ቢ20 የመጣችው በዓመቱ ነው፤ የእናቷን ሞተር ይዛ። አልፋ ሮሜዮም በ1950ዎቹ 1900 የተባለችውን መኪናውን ሲያስተዋውቅ ውድድር የምታሸንፍ የቤተሰብ መኪና እያለ ነበር። የጣሊያኖቹ ትልቁ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ከጦርነቱ የወጣች ድሀ አገር፣ ነዳጅ ውድ፣ ግብሩ በሞተር መጠን የሚቆጠር። አሜሪካዊው ጉልበት ሲያንሰው ሞተሩን ያተልቃል፤ ጣሊያናዊው ግን ማተለቅ አይችልም። ስለዚህ ከትንሽ ሞተር ብዙ ማውጣትን ተማረ። አልጋና ቁርስ ይዞ የሚሄደውን የቤተሰብ አባት መኪና ያሰለጠነው ጥበብ ነው ቆይቶ ስፖርት መኪናውን የወለደው።

የዚህ ሁሉ ማሳያ ደግሞ ዳንቴ ጃኮዛ ነው። በ1955 ፊያት 600ን አወጣ። የእኛ ሰው ሴቼንቶ የሚላትን ማለት ነው፤ የጣሊያንኛው ስድስት መቶ ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ 633 ሲሲ፤ ርዝመቷ ሦስት ሜትር ከምናምን። አራት ሰው ታሳፍራለች። ዋጋዋ 590 ሺህ ሊሬ ነበር፤ ለፋብሪካ ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዝ ነው፤ ግን በየወሩ እየከፈለ ሊደርስባት ይችላል። በሞተር ብስክሌት ሚስቱን ከኋላ፣ ልጁን ከፊት አስቀምጦ በዝናብ ይሄድ የነበረ ሰው ጣሪያ አገኘ። ፌራሪ ስንት ሰው ከዝናብ አዳነ? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

አሁን ፍቅሩ ምን አመጣ እንበል። ፌራሪ ከ1962 እስከ 1964 ባሉት ዓመታት 250 ጂቲኦ የምትባለዋን 36 ብቻ ሠራ። በ2018 አንዷ አሜሪካ ውስጥ በጨረታ ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠች። በ2023 ኒው ዮርክ ላይ ሌላዋ ከ51 ሚሊዮን በለጠች። ቆንጆ ናት? ወደር የላትም። ጥበብ አለባት? ሞልቷታል። አንዳንዶቹ ባለቤቶች ደግሞ ዛሬም ውድድር ላይ አውጥተው ይነዷታል፤ ለነሱ ቆቤን አነሳለሁ። ግን እስቲ በሐቅ እንነጋገር፤ 51 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ዳቦ ሊገዛ የሚወጣ ማን ነው? ዋጋው እዚህ ሲደርስ መኪናዋ የባንክ ደብተር ሆነች። ባለቤቱ የሚያየው ሰዓት ቆጣሪዋን ሳይሆን የጨረታ ዜናውን ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

መኪና ደግሞ ተቆልፎ የሚከበር ነገር አይደለም። ማንኛውም መካኒክ ይነግራችኋል። የቆመ መኪና ቤንዚኑ ካርቡራተሩ ውስጥ ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል። የፍሬኑ ሲሊንደር ይዝጋል። ጎሚኒው ሁሉ ይሰነጣጠቃል። ጎማው መሬት የነካበት ቦታ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። የቆመች መኪና የተጠበቀች ይመስላል እንጂ እየሞተች ነው። በቀን አሥር ሰዓት የምትሠራ ላዳ አርባ ዓመት የኖረችው ሰው ሳያሳርፋት እየጠገነ ስላቆያት ነው።

የቤት መኪኖቹስ ምን ሆኑ? እዚያው አገራቸው ላይ አለቁ። በ1997 የጣሊያን መንግሥት አሮጌ መኪና አስጨፍልቆ አዲስ ለሚገዛ ሰው ድጎማ ሰጠ። የሕዝብ መኪኖች ተሰልፈው መጨፍለቂያ ገቡ። ሌሎቹ ደግሞ ስፖርት እህቶቻቸውን ለማዳን ታረዱ፤ የጁልያ ሞተርና ካምቢዮ እየተነቀለ ለባለ ሁለት በሯ ሆነ። ሚሊዮን ሰው ያሳደገችው እናት ኩላሊቷን ለልጇ ሰጥታ ሞተች ማለት ነው። የቀሩት ጥቂት የቤት መኪኖች ዛሬ ዋጋቸው መውጣት ሲጀምር ግን ያው ሰብሳቢ «የምትገርም መኪና ናት እኮ» ማለት ጀመረ። ትናንት የት ነበርክ?

እሺ፣ የሚቃወሙኝን ልስማ። የመጀመሪያው «የጣሊያን መኪና ይዝጋል» ይላል። ልክ ነው! የ1970ዎቹን አልፋሱድና ላንቻ ቤታ ያየ ሰው ይህን አይክድም። ሞተራቸው እየዘፈነ ወለላቸው ይረግፍ ነበር። ላንቻ እንግሊዝ አገር ውስጥ በዝገት የተበላሹበትን ቤታዎች ከደንበኞቹ መልሶ እስከመግዛት ደርሷል፤ ስሙም እዚያ ገበያ ላይ ዳግመኛ አላገገመም። ይህንን የሚደብቅ አፍቃሪ አፍቃሪ አይደለም፤ ደላላ ነው። ጉድለቱን እያወቁ ችቦ ይዘው የሚበይዱት ናቸው የሚወዱት።

ሁለተኛው «ያጨሳሉ፣ ለሕይወትም አደገኛ ናቸው» ይላል። ይህም እውነት ነው። የዛሬዋ መኪና ከግጭት የምታድነውን ያህል የ1966ቷ አታድንም። ላዳ ታክሲ ሆና ለዘላለም ትኑር አላልኩም። ሹፌሩም ቢሆን ወገቡን የማታሳምም መኪና ይገባዋል፤ ተሳፋሪውም ንጹሕ አየር ይገባዋል። የላዳ ቁጥር በከተማችን መመናመኑ አያስለቅሰኝም። የሚያስለቅሰኝ ከሷ ጋር አብሮ የሚጠፋው ነገር ነው። እሱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባዱ ነው። «የፊያት የጭነት መኪና አይደለም እንዴ በ1928 (በኛ) የወራሪውን ጦር ያመላለሰው? አንተ ደግሞ ጣሊያንን ታወድሳለህ!» ይለኛል። አዎ፣ ያው ፊያት ነው። ቱሪን ለሕዝቧ መኪና ከመሥራቷ በፊት ለሙሶሊኒ ጦር ሠርታለች፤ አትርፋበታለችም። ይህን የሚረሳ የጣሊያን መኪና አድናቂ ካለ ፎቶውን ይዝጋና ታሪክ ያንብብ። እኔ ግን የማወድሰው ባንዲራ አይደለም። በእርቅም ይሁን በግድ፣ በዚያ ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ፣ የእኛ ልጆች ጋራዥ ገብተው ሙያውን ከእጃቸው ወሰዱት። የዘረፈን ሰው ጥሎት የሄደውን መርቴሎ አንስተን ቤታችንን ከሠራንበት መርቴሎው የኛ ነው።

ካላመናችሁ አንድ ጋራዥ ግቡና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጊያ፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ፣ ቸርኬ። መሣሪያውም ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ ነው። ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ይባላል። መንገድ ላይ ታርጋ፣ ኪስ ውስጥ ሊብሬ፣ መስታወት ላይ ቦሎ። ሾፌሩ ቶዮታ ይንዳ ሱዙኪ፣ የሚናገረው የቱሪንን ቋንቋ ነው። ግን ቱሪን ሄዳችሁ በኛ አነጋገር ብትሏቸው ግማሹን አይሰሟችሁም፤ ምክንያቱም ቃሉን በአፋችን ልክ ሰፍተነዋል። ይህ ቋንቋ መጽሐፍ ውስጥ አልተወለደም። ዘይት በነካው እጅ፣ ከጌታ ወደ ረዳት፣ በጩኸትና አንዳንዴም በኩርኩም ተላልፎ የመጣ ነው።

ከቋንቋው ጋር ደግሞ ጆሮ አለ። የድሮው መካኒክ ኮምፒዩተር አልነበረውም። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ የትኛው ቫልቭ እንደሚያንኳኳ ይነግራችሁ ነበር። የጭሱን ቀለም አይቶ፣ የካንዴላዋን ጫፍ አይቶ፣ ቤንዚኑ በዝቷል ወይስ አንሷል ብሎ ይፈርዳል። መለዋወጫ ሲጠፋ ሶማሌ ተራ ወርዶ የሌላ መኪና አጥንት ያመጣና በሞረድ አስተካክሎ ይገጥማል። ላዳን እዚህ ዕድሜ ያደረሳት ይህ እጅ ነው። ላምፕሬዲና ጃኮዛ ቢነሱ የሚጨብጡት የሰብሳቢውን እጅ ሳይሆን ይሄንን በቅባት የጠቆረ እጅ ነበር ብዬ እከራከራለሁ። እነሱ መኪናውን ሲሠሩ ያሰቡት እንዲፈታና እንዲገጠም ነውና።

በ2016 (በኛ) መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የኤሌክትሪኩ ዘመን መጣ። ይምጣ! እኔ ጢስ ናፋቂ አይደለሁም። ግን የኤሌክትሪክ መኪና ካርቡራተር የለውም፣ ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም። ዛሬ ሙያ የሚጀምር ልጅ እነዚህን ማወቅ አያስፈልገውም፤ አይፈረድበትም። እንግዲህ የድሮው መካኒክ ሲሞት ጆሮውም፣ ቃሉም፣ ዘዴውም አብሮት ይቀበራል። አንድም ሰው አልጻፈውም፣ አንድም ሰው አልቀረጸውም። እኛም ስልካችን ላይ የሰው አገር ፌራሪ እያየን እናለቅሳለን። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አሉ።

ጣሊያኖቹ እንኳን ዘግይተውም ቢሆን ነቅተዋል። የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ማኅበራቸው በ1966 ነው የተቋቋመው። ሠላሳ ዓመት የሞላት መኪና ከዓመታዊው የባለቤትነት ግብር ከቦሎ ነፃ ናት፤ እኛ ቦሎ የምንለው ቃል የመጣው ከዚያው ነው። በ1957 በደረሰ አሰቃቂ አደጋ ምክንያት የቆመው ሚሌ ሚልያ የተባለው የመንገድ ውድድራቸው በ1977 የፍጥነት ውድድርነቱ ቀርቶ የአሮጌ መኪኖች ጉዞ ሆኖ ተመልሷል። እዚያ ላይ ከፌራሪው ጋር ጃኮዛ የሠራት ትንሿ ቶፖሊኖ ትሰለፋለች፤ ድሮም ትወዳደር ነበርና። ቱሪን ውስጥም ትልቅ የመኪና ሙዚየም አላቸው። መኪናን ከነቤተሰቧ መውደድ እንደሚቻል ያሳያሉ።

እኛስ? እኛ ዘንድ አሮጌ መኪና ማለት ቅጣት ነው። በ2012 (በኛ) የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች እንዳይገቡ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ ምክንያቱ ይገባኛል፣ የሰው አገር ውዳቂ መጣያ እንሁን አልልም። ግን ቀድሞውንም እዚህ ያለው፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ከኛ ጋር የኖረው፣ እሱ እኮ ውዳቂ አይደለም፤ ቅርስ ነው። ቅርስ የሚባለው ሐውልትና ብራና ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶቻችን አንዱ አንዲት ላዳና አንዲት ሴቼንቶ ይያዝ፤ መደብ ላይ አስቀምጦ እንዲያሳያቸው ሳይሆን በየወሩ አስነስቶ እንዲነዳቸው። የቋንቋ ሰዎቻችን ደግሞ አንድ ክረምት መዝገብና መቅረጫ ይዘው ጋራዥ ይዋሉ፤ ሽማግሌዎቹ መካኒኮች ሳያልቁ የጋራዡን ቃላት ከነትርጉማቸው ይልቀሙ። መንግሥትም የከተማዋ ታክሲ ሲለወጥ ሁሉንም ለላሜራ አቅላጭ ከመስጠቱ በፊት ሁለት ሦስቱን ያስቀርልን።

እናንተ የስልክ አፍቃሪዎች ደግሞ፣ ከናንተ የምፈልገው ከሁሉም ቀላሉን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ላዳ ስትሳፈሩ አፍንጫችሁን አትያዙ። የመስታወቷን እጀታ ከሹፌሩ ተቀበሉና እያዞራችሁ «አባባ፣ ይቺን መኪና ማነው የሚጠግንልዎት?» ብላችሁ ጠይቁት። አድራሻውን ይነግራችኋል። ሂዱ። ሰውየው በሕይወት እያለ ሂዱ። የጣሊያን መኪና ፍቅር ካላችሁ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ዋጋውም አንድ ሻይ ነው።